ጅቡ ስለ መጪው ዓመት ምን ያውቃል?



ሐረር ያደገ ሰው በዓሹራ ሰሞን የማያመልጠው ጥያቄ አለ። ጠያቂው ከአዲስ አበባም ይምጣ ከጅማ ጥያቄው አንድ ነው፤ «የእውነት ለጅብ ገንፎ ታበላላችሁ?» አዎ፣ እናበላለን። ከዚያ ገሚሱ ይስቃል፣ ገሚሱ «አስተግፊሩላህ» ይላል።

እኛ ሦስት እህትና ወንድማማች ነን። የተወለድነው ጀጎል ውስጥ ነው፤ ወላጆቻችን ግን የወሎ ሰዎች ናቸው። ስለዚህ ያንን ጥያቄ ከእንግዳ አፍ ብቻ አልሰማነውም። እናታችን በገዛ ቤታችን ሠላሳ ዓመት ስትጠይቀው ኖራለች። የእሷ ጥያቄ ግን የሳቅም የፈትዋም አልነበረም። ለምን እንደምትጠይቅ እስክናውቅ ዓመታት ወሰደብን። ያለፈው ዓሹራ እሷ ከሄደች በኋላ የመጣ ሁለተኛው ዓሹራ ነበርና፣ ሳንረሳው ጽፈን እናስቀምጥ ብለን ተስማማን።

በቅድሚያ በዓሉን ለማያውቅ ሰው ትንሽ እንበል።

ዓሹራ የሙሐረም ወር አሥረኛው ቀን ነው። ሙሐረም የሒጅራ ዓመት የመጀመሪያው ወር ስለሆነ ቀኑ ከአዲሱ ዓመት ደጃፍ ብዙም አይርቅም። አላህ ሙሳን (ዐ.ሰ) ከፊርዐውን እጅ ያወጣበት ቀን ነውና ለምስጋና ይጾማል። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ጾመውታል፤ ዘጠነኛውንም ቀን ጨምረው ሊጾሙ አስበው ነበር። በ61 ዓመተ ሒጅራ ደግሞ የልጅ ልጃቸው ሑሰይን ከርበላ ላይ የተገደሉት በዚሁ ቀን ነው። መዳንም ሐዘንም አንድ ቀን ላይ ተገናኝተዋል። ይህን ልብ በሉልን፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

በአገራችን የመንግሥት በዓላት ዝርዝር ውስጥ ዓሹራ የለም። ሙስሊሞች ሚያዝያ 12 ቀን 1966 አዲስ አበባ ላይ ካደረጉት ታላቅ ሰልፍ በኋላ የሕዝብ በዓል ሆነው የታወቁት ኢድ አልፈጥር፣ አረፋና መውሊድ ናቸው። ዓሹራ ቢውል ቢሮ ይከፈታል፣ ልጅ ትምህርት ቤት ይሄዳል፣ ሱቅም አይዘጋም። ማንም ሳያውጅለት በየቤቱ የሚከበር፣ ድስት ብቻ የሚያውቀው በዓል ነው።

ሐረር ላይ ግን ይህ ቀን ሌላም ስም ቢወጣለት «የመጪው ዓመት ተስፋ» ይባል ነበር። ሲመሽ ገንፎ ይገነፋል፣ መሐሉ ላይ ቅቤ ይፈስበታል፣ ቤተሰብና ጎረቤት ይበላል። ከዚያ አንድ ድርሻ ከግንቡ ውጭ ይወሰድና ለጅብ ይቀመጣል። ቱሪስት የሚያውቀው በየማታው ጅብን በእንጨት ሥጋ የሚያጎርሱትን ሰዎች ነው። የዓሹራው ከዚያ የተለየ ነው፤ የከተማው ሰው የራሱ ጉዳይ ነው።

ሽማግሌዎች እንዲህ ያወሩታል። በአንድ ክፉ የረሃብ ዘመን ሰው ሲራብ አውሬውም ተራበ። ጅቦች ወደ ከተማው እየመጡ ሰው ይበሉ ጀመር። ያን ጊዜ አውልያዎቹ ሐኪም ተራራ ላይ ተሰብስበው መከሩ፣ ከጅቦቹም ጋር ቃል ተጋቡ። ሰው በዓመት አንድ ቀን ገንፎ በቅቤ ሠርቶ ያቀርባል፤ ጅብም ሰው አይነካም። እስከ ዛሬ ጅብ በሐረር ሌሊት እንደ ልቡ ይመላለሳል። አሚር ኑር በ16ኛው ክፍለ ዘመን ባሠሩት ግንብ ሥር «ወራባ ኑዱል» የሚባሉ ቀዳዳዎች አሉ፤ የጅብ መግቢያ ማለት ነው። ማታ ገብቶ የሥጋ ቤቱን ትርፍራፊ ጠራርጎ፣ ሊነጋ ሲል ይወጣል። እኛም ልጆች ሆነን ከሱቅ ስንመለስ ከጅብ ጋር መንገድ ተለቃቀን እናልፍ ነበር።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ነገር ግን ትንበያ ተጨመረበት። ገንፎውን መጀመሪያ የሚቀምሰው የመንጋው አለቃ ነው ይባላል። ከግማሽ በላይ በልቶ ካስተረፈ ዓመቱ የጥጋብና የሰላም ነው። ጭራሽ ካልነካው፣ ወይም ጠርጎ ከጨረሰው ዓመቱ ክፉ ነው፤ ረሃብ ወይም በሽታ ይመጣል። ሰው ሁሉ ትንፋሹን ውጦ የሚመለከተው ይህን ነው።

አባታችን መኪና ግርግር ላይ ልብስ ሰፊ ነበር። ሐረርን የሚያውቅ መኪና ግርግርን ያውቃል፤ ስሙን ያወጡለት የስፌት መኪኖቹ ናቸው። ሰፊዎቹ በመንገዱ ግራና ቀኝ በረድፍ ተቀምጠው ፔዳል ሲረግጡ የሚወጣውን ድምፅ አሁንም ዓይናችንን ጨፍነን እንሰማዋለን። አባታችን ከእናታችን ጋር ሐረር የገባው በ1977 ረሃብ ነው። የመጡት ከቆቦ ገጠር ነበር። አጎቱ መኪና ግርግር ላይ አንድ አሮጌ ሲንገር ነበረውና «ና፣ እጅህን ላፍታታልህ» ብሎ ልኮበት ነበር።

ጀጎል ውስጥ የተከራዩት አንዲት ክፍል ነበረች። የግቢው ባለቤት ባለቤታቸው የሞቱባቸው ሐረሪ አሮጊት ነበሩ፤ ሁላችንም እማማ እያልን ነው ያደግነው። እናታችን ሐረር ላይ ያገኘችው የመጀመሪያው ዓሹራ በመስከረም 1978 አጋማሽ ዋለ። እማማ በማለዳ ጠርተው «ልጄ፣ ዛሬ ገንፎ አለብን፣ እጅሽ ጠንካራ ነው፣ አማስይልኝ» አሏት። እናታችን ስትነግረን፣ ያን ቀን ዱቄቱን በእጇ ዘግና ለረጅም ጊዜ አየችው። ያን ያህል ዱቄት አንድ ላይ ካየች ዓመት አልፏት ነበር። እንግዳ የሚመጣ መስሏት በደስታ እያላበች አማሰለች።

ማታ ገንፎው ከግቢ ሲወጣ «ለማን ነው?» ብላ ጠየቀች። «ለወራባ» አሏት። ቃሉን ስላላወቀች በአማርኛ ደገሙላት።

ማማሰያውን አስቀምጣ ወደ ክፍሏ ገባች። የተናገረችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «የሰው ልጅ ያላገኘውን?»

እማማ አልተቆጡም። ማታ አንድ ሳህን ገንፎ ከክፍሏ ደጃፍ ላይ አስቀምጠው ሄዱ። በሚቀጥለው ዓመትም እንደዚያው። በዚያም ዓመት፣ በዚያኛውም። እናታችን ዓሹራ ሲመጣ ትጾማለች፣ መግሪብ ላይ ታፈጥራለች፣ እማማ ያስቀመጡትን ለእኛ ታካፍላለች፣ ከዚያ በሯን ትዘጋለች። እኛ ግን ልጆች ነንና ከጎረቤት ልጆች ጋር እየተሹለከለክን ጅቡን ለማየት እንሄድ ነበር።

አንድ ዓመት፣ በ1992 ይመስለናል፣ ስንመለስ በር ላይ ቆማ ጠበቀችን። ትልቋ እህታችን አሥራ ሦስት ዓመቷ ነበር። እናታችን በጥፊ መታቻት። ልጅ ላይ እጇን የምታነሳ ሴት አልነበረችም። ደንግጠን ዝም አልን፤ እሷም ከእኛ ይልቅ ደነገጠችና ገብታ ተሸፈነች።

ያን ሌሊት አባታችን ሰብስቦ ደረጃው ላይ አስቀመጠን። ከእኛ በፊት አንድ ወንድም እንደነበረን ነገረን። ሁለት ዓመት አልሞላውም ነበር። በመስከረም 1977 መጨረሻ፣ ከቆቦ ወደ ወልድያ በእግራቸው ሲጓዙ፣ ጎብዬን አለፍ እንዳሉ መንገድ ላይ ሞተ። የረሃቡ ወሬ በቴሌቪዥን ለዓለም የተሠራጨው ከዚያ ሁለትና ሦስት ሳምንት ቆይቶ ነው፤ ጥቅምት አጋማሽ ላይ። እነሱ ግን ያኔ ቀብረው ነበር። አፈሩ ደረቅ ነው፣ ዶማ የለም፣ የሰው ጉልበት የለም። አባታችን በእጁና በእንጨት የቻለውን ያህል ቆፈረ፣ ድንጋይ ከመረበት። ሲመሽ የጅብ ድምፅ መጣ። እናታችን ከክምሩ አጠገብ ተቀምጣ ድንጋይ በእጇ ይዛ አደረች። ሲነጋ መንገደኛው ተነሣ፤ ከሰው ተነጥሎ መቅረት ሞት ስለነበር እነሱም ተነሡ። ከዚያ በኋላ ያለውን ሌሊት ማን ጠበቀው? አያውቁም። አባታችን «ወሩ ሙሐረም እንደነበር ያወቅኩት እዚህ ከመጣን በኋላ ነው» አለንና ወደ ውስጥ ገባ።

ከዚያ ቀን በኋላ ጅብ ለማየት አልሄድንም። ማንም አልከለከለንም።

አባታችን የሚወደው አንድ ቃል ነበረው፤ «አብሽር»። ወሎም ሐረርም አዲስ አበባም ሙስሊሙ የሚለው ቃል ነው። ዐረብኛ ነው፤ የምሥራች ይድረስህ፣ ደስ ይበልህ እንደማለት ነው። የታመመ ስንጠይቅ አብሽር እንላለን፣ ሥራ ላጣ አብሽር እንላለን፣ ልጇ በረሃ አቋርጦ የጠፋባትን እናት አብሽሪ እንላታለን። አባታችን ቤት ኪራይ ሲጨመር «አብሽሩ»፣ ጨርቅ ሲወደድ «አብሽሩ» ነበር። እናታችን አንድ ቀን በጣም ከመረራት «አንተ ሰውዬ፣ አብሽሪ ካልከኝ ዱቄት ይዘህ ና!» አለችው። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እሱም ከዚያ ወዲህ አብሽሪ ባለ ቁጥር ኪሱን እየዳበሰ ነበር።

ያን ጊዜ ቀልድ ነበር የመሰለን።

በ2007 እማማ ወደ አኼራ ሄዱ። አላህ ይርሐማቸው። በዚያው ዓመት ክረምቱ ጨነገፈ። በ2008 የሆነውን ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ፤ በኤልኒኞ የመጣው ድርቅ አገሪቱን መታ፣ የምግብ እርዳታ የሚያስፈልገው ሰው ቁጥር ከ10 ሚሊዮን በላይ ሆነ። ሐረርጌ ክፉኛ ከተጎዱት አንዱ ነበር። በከተማው ዙሪያ ማሽላው እሸት ሳይዝ ቆሞ ደረቀ። የገጠር እናቶች ልጅ አዝለው ከሸዋ በር ጀምሮ ደጅ ደጅ ይቀመጡ ጀመር። እናታችን ገበያ ደርሳ ስትመለስ ፊቷ ይጠቁር ነበር። ምን እንዳየች አንጠይቃትም፤ ምን እንዳየች እናውቃለን።

ዓሹራ ጥቅምት 12 እና 13 አካባቢ ዋለ። በግቢው ውስጥ ሠላሳ ዓመት ገንፎ ያቀርቡ የነበሩት እማማ የሉም። በዚያ ቀን ማለዳ የድስት ድምፅ ሰምተን ስንወጣ እናታችን የእማማን ትልቁን ብረት ድስት ጥዳለች። ማማሰያውን በሁለት እጇ ይዛ ነበር። ማናችንም ምንም አላልንም። እህታችን ዱቄቱን ስትጨምር እሷ አማሰለች።

መግሪብ ላይ አፈጠርን። እናታችን ቀን ከበር ጥግ ያየቻትን አንዲት እናት ከሁለት ልጆቿ ጋር ጠርታ አምጥታ ነበር። መጀመሪያ የቀረበው ለእነሱ ነው። ልጆቹ ቅቤው መሐል ላይ እንዳይደርሱ እየተከላከሉ ሲበሉ እናታችን ከአጠገባቸው ቁጭ ብላ ትመለከታለች። ቀጥሎ ለጎረቤት ልጆች፣ ቀጥሎ ለእኛ። ከዚያ ከድስቱ ሥር የቀረውን አንድ ገበቴ ላይ አወጣችና ነጠላዋን ለበሰች።

«ማን ያደርሰኛል?» አለች።

አባታችን ተነሣ። እኛም ተከተልን።

ገንፎው ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ሰው ራቅ ብሎ ቆመ። ከዒሻ በኋላ መጡ። የፊተኛው ጅብ ቀረብ አለ፣ አሸተተ፣ ሁለት ሦስቴ ላሰና ፊቱን አዞረ። ከኋላችን ማጉረምረም ተሰማ። አንዳንዱ «ያ ረቢ» አለ። የድርቅ ዓመት ነው፤ ሰው ሆዱ ፈርቷል፤ አሁን ደግሞ ምልክቱ ክፉ ሆነ።

እናታችን በጨለማው ውስጥ ጮክ ብላ «ጠግቦ ይሆናላ!» አለች።

መጀመሪያ አንድ ሰው ሳቀ፣ ከዚያ ብዙ ሰው ሳቀ። እሷ ግን ቀልዷን አልነበረም። ስንመለስ በጠባቡ መንገድ የአባታችንን ክንድ ይዛ ትሄድ ነበር። ሳንጠይቃት ተናገረች። «ያኔ ድንጋይ ይዤ ሳድር አውሬውን ረግሜዋለሁ። ይኼን ሁሉ ዓመት ስረግመው ነበር። ግን እሱም ተርቦ ነው የመጣው። ያኔ ለሰውም ለእሱም አንድ ገበቴ የሚያስቀምጥ ቢኖር እኔም ልጄን ይዤ እመጣ ነበር።» ትንሽ ሄድ አለችና ጨመረች፤ «የጠገበ ጅብ መቃብር አይቆፍርም።»

የአውልያዎቹን ታሪክ ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተነዋል። ትርጉሙን ያን ሌሊት እሷ ነገረችን። ከተማው ከረሃብ የወጣው ጅቡ ጥሩ ምልክት ስላሳየ አይደለም። ክፉውን ቀን ያዩ ሰዎች ቁጭ ብለው፣ ክፉው ቀን ተመልሶ እንዳይመጣ ከራሳቸው ድስት ድርሻ ስለቆረጡ ነው። ስለ መጪው ዓመት የሚናገረው የቀመሰው ጅብ ሳይሆን ያስቀመጠው ሰው ነው።

ይህን ስንል ግን በቤታችን ሁሉም ተስማማ ማለት አይደለም።

ታናሻችን ሃይማኖት የተማረ ነው፤ ዛሬ አዲስ አበባ መድረሳ ያስተምራል። ከዚያ ሌሊት በኋላ ከእናታችን ጋር ቁጭ ብሎ ተነጋገረ። «እማ፣ ጅብ የሩቁን አያውቅም። የነገን የሚያውቅ አላህ ብቻ ነው። በእንስሳ ገድ ማየት ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የከለከሉት ጢየራ ነው» አላት። እውነቱን ነው። ዓረቦች ከእስልምና በፊት ወፍ አስነሥተው ወደ ቀኝ ከበረረች ይጓዙ፣ ወደ ግራ ከበረረች ይቀሩ ነበር፤ ይህ ተሽሯል። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ይወዱት የነበረው ፈእልን ነው፤ ምን እንደሆነ ሲጠየቁም መልካም ቃል መሆኑን አስረድተዋል። ልዩነቱን ታናሻችን እንዲህ አስቀመጠው፤ ጢየራ እግርህን ያስራል፣ ፈእል እግርህን ያነሣል።

እናታችን አዳምጣ «ታዲያ እኔ መቼ ገድ አየሁ? ጠግቧል ነው ያልኩት» አለችው።

«ገንፎውስ?»

«ገንፎው ሰደቃ ነው።»

በጫማው ውኃ ቀድቶ የተጠማ ውሻ ያጠጣውን ሰው አላህ እንደማረው የሚናገረውን ሐዲስ እሱ ራሱ ነበር በልጅነቱ ያስተማራት። እሷም አልረሳችም። እሱ ግን ሌላ ጭንቀት ነበረበት፤ «አንቺ ሰደቃ ብለሽ ታስቀምጪያለሽ፣ ከኋላሽ የቆመው ግን ዕድሉን ሊያነብ ነው የመጣው» ይላል። ይህም እውነት ነው። እስከ ዛሬ በዚህ ላይ ሙሉ በሙሉ አልተስማማንም። ፈትዋ ለዑለሞቻችን እንተዋለን፤ እኛ የምንናገረው የደረሰብንን ነው።

የደረሰብንም ይህ ነው። በ2008 ምልክቱ ክፉ ነበር፤ ነገር ግን በሚያዝያ ዝናብ መጣ፤ አንዳንድ ቦታ ጎርፍ ሆኖ ጎዳ፣ ሌላ ቦታ መሬቱን አረጠበ። ዓመቱ ከባድ ቢሆንም አለፈ። ያቺም እናት ከሁለት ልጆቿ ጋር ወደ ቀዬዋ ተመለሰች፤ በሁለተኛው ዓመት ጫንቃዋ ላይ ማሽላ ተሸክማ እናታችንን ልትጠይቅ መጣች። በነሐሴ 2013 ደግሞ የዓሹራ ምልክት እንደዚያ ያማረ አይተን አናውቅም። ጅቡ ከግማሽ በላይ በልቶ አስተርፎ ሄደ፤ ሰው ተቃቅፎ «መብሩክ» ተባባለ። በዚያው ሳምንት እናታችን ስልኳን ይዛ አታርፍም ነበር። ጦርነቱ ቆቦና ወልድያ ገብቶ መስመሩ ተቋርጧል፤ እህቷ ቆቦ ነበረች። እስከ ታኅሣሥ ድረስ በሕይወት መኖሯን አላወቅንም። ጥሩ ዓመት ነው ተብሎ የተመሰከረለት ዓመት፣ እናታችን በየሌሊቱ እየተነሣች የሰገደችበት ዓመት ሆነ።

ጅቡ ሁለቱንም ጊዜ አላወቀም። ከየት ያውቃል?

በነዚያ አራት ወራት እናታችን ያደረገችውን ግን አየን። በየሳምንቱ ሐሙስ ለእህቷ ልጆች አንድ አንድ ልብስ አባታችንን ታሰፋው ነበር። «እማ፣ መላክ እኮ አይቻልም» ስንላት «መንገዱ ሲከፈት ባዶ እጄን ልሂድ?» ትለናለች። ልብሱ በማዳበሪያ ከረጢት ተጠቅጥቆ አልጋ ሥር ተቀመጠ። በታኅሣሥ መጨረሻ ስልኩ ሲሠራ፣ እህቷ «አለን» ስትል፣ ከረጢቱ ሞልቶ ነበር። ሁለቱ ልብስ ጠቧቸው ነበር፤ ልጆቹ አድገዋል። ሲነግሯት እያለቀሰች ሳቀች፤ «አድገው ነው? አልሐምዱሊላህ፣ ይጥበባቸው!»

ውድ ወንድሞችና እህቶች፣ ተስፋ ማለት ነገ ደግ እንደሚሆን ማወቅ ይመስለን ነበር። ስለዚህ ምልክት እንፈልጋለን። አንዱ በጅብ አፍ፣ አንዱ በሕልም፣ አንዱ በዶላር ዋጋ፣ አንዱ በዜና። ምልክቱ ሲያምር እንነሣለን፣ ሲከፋ እንተኛለን። እናታችን ግን ነገ ደግ ይሆናል ብላ አታውቅም። ያየችውን አይታለችና አትዋሽም። እሷ የምታውቀው ነገ ሰው እንደሚርበው ነው፤ ስለዚህ ዛሬ ትጥዳለች። ከአላህ እዝነት ተስፋ አለመቁረጥ በእሷ ቤት ይህን ይመስል ነበር፤ ዱዓው በአፏ፣ ማማሰያው በእጇ።

አንድ ነገር እንጨምር። በአንድ ወቅት እህታችን ስለ ጅብ የተጻፈ ነገር አንብባ ለእናታችን ነገረቻት። የጅብ መንጋ የሚመራው በሴቷ ነው፤ ወንዱ ከእሷ በታች ነው። ሽማግሌዎቹ «አለቃው» እያሉ የሚጠብቁት ሳትሆን አትቀርም ሴት ናት። እናታችን ለጥቂት ጊዜ ዝም ብላ ቆየችና «እንግዲያው እሷም ልጅ ትታ ነው የምትመጣው» አለች። ከዚያ ዓመት ጀምሮ ገበቴው ላይ ቅቤ ጨመረችበት።

እናታችን በ2016 አረፈች። አባታችን ከእሷ ቀድሞ ሄዶ ነበር፤ ከረጢቱን ከሞላ በኋላ ብዙም አልቆየም። አላህ ለሁለቱም ይዘንላቸው፣ ከዚያ ካላየነው ወንድማችን ጋር በጀነት ያገናኛቸው።

ባለፈው ዓሹራ፣ በሰኔ 2017 መጨረሻ፣ ታናሻችን ከአዲስ አበባ መጣ። አምስት ኪሎ ዱቄት ይዞ። መካከለኛው የአባታችንን የስፌት መኪና ተረክቦ እዚያው መኪና ግርግር ነው፤ የዚያን ቀን ሱቁን ከአስር ሰላት በኋላ ዘጋ። እህታችን ሪያድ ናት፤ ስልኩን ግድግዳ ላይ አስደግፈን በቪዲዮ «ውኃው በዝቷል፣ ዱቄት ጨምሩ» እያለች አዘዘችን። ጾመን ነበርና እጃችን ይንቀጠቀጥ ነበር። ገንፎው ጓጎለ። እናታችን ብታየው ትሰድበን ነበር።

መግሪብ ላይ ካፈጠርን በኋላ ታናሻችን ሳህኖቹን ደረደረ። «እኔ ለጎረቤት አደርሳለሁ። የውጪውን እናንተ አድርሱ» አለ። ወደ ድንጋዩ አይሄድም፤ በእምነቱ ጸንቷል፣ እኛም አንጫነውም። ነገር ግን ገበቴውን ሞልቶ፣ ቅቤውን አፍስሶ ያቀበለን እሱ ነው። ቅቤው ከሚገባው በላይ ነበር።

እንደ እሱ ምክር፣ እንደ እናታችንም ልማድ፣ ገንፎውን ካስቀመጥን በኋላ አልቆምንም። ከኋላችን ሰዉ ሲንሾካሾክ ሰማን፤ መጥተዋል ማለት ነው። አልዞርንም። ስንት እንደበላች አናውቅም።

ቤት ስንደርስ ታናሻችን ባዶ ሳህኖቹን እያጠበ ነበር። «ስንት ቤት ደረስክ?» አልነው። «አሥራ አንድ» አለ። «የቀረ አለ?» አልነው። «አንድ ሰው የሚያጠግብ» አለና ድስቱን ከፈተ። በዚያው ቅጽበት በር ተንኳኳ።

አላህ ተስፋቸውን በእጃቸው ከሚሠሩት ያድርገን። የራበው ሳይመጣ ድስት የሚጥዱ ሰዎችን ከአገራችን አያጥፋብን። አብሽሩ፤ አብሽሩ ስንላችሁም ባዶ እጃችንን እንዳንሆን አላህ ያግዘን።

አሚን። ወላሁ አዕለም።